ዋንዛው ከወደቀ በኋላ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የቡና ጓሮ ውስጥ ሁለት ሴቶች አንድ ቅጠል ይዘው ይከራከራሉ። ቅጠሉን ያመጡት ባለ ጓሮዋ ናቸው። ለጨሞ የሚሆን ሊቀጥፉ ገብተው፣ የለመዱት ጥቁር አረንጓዴ ጠፍቶ ዳር ዳሩ የነደደ፣ መሀሉ የገረጣ ነገር እጃቸው ገባ። በዚህ አገር ቡና በፍሬው ብቻ አይጠጣም፤ ቅጠሉም በእሳት ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ይፈላል፤ ጨሞ የሚባለው እሱ ነው። የቡና ቅጠል ታመመ ማለት ለእሳቸው አዝመራው ሳይደርስ የማለዳው ስኒ ተጓደለ ማለት ነው።

ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። ወሩ የካቲት ነው። ዝናቡ ገና አልጣለም፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

«ይኸውልሽ» አሉ አክስቷ ቅጠሉን እያገላበጡ። «ባለፈው ክረምት ነፋስ ዋንዛዬን ከነሥሩ ነቅሎ ጣለብኝ። እኔ ደግሞ በልቤ ‹እሰይ፣ ቡናዬ ብርሃን አገኘ› ብዬ ነበር። ጥላ የበዛበት ቡና ፍሬው ያንሳል፣ ይሄን ማንም ያውቃል። ብርሃን የቅጠል ምግብ ነው ብለሽ የምታስተምሪው ደግሞ አንቺ ነሽ። ምግቡ በዛለት፤ ታዲያ ምን ሆነና ነደደ?»

«እትዬ፣ ብርሃን ምግብ ነው ብዬስ አላስተማርኩም» አለች መምህሯ እየሳቀች። «ብርሃን ማገዶ ነው። ድስቱ ውስጥ የሚገባው ሌላ ነው፤ ከሥር የሚመጣ ውሃና ከአየር የሚገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ቅጠሉ እነዚህን በብርሃን አብስሎ ስኳር ይሠራል፣ ኦክስጅኑን ወደ ውጭ ይለቃል። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ድስቱ ባዶ ሆኖ ማገዶ ቢጨመርበትስ?»

«ያርራላ!»

«ይኸው አረረ።»

ብዙዎቻችን «ብርሃን አስተጻምሮ» የሚለውን ቃል በትምህርት ቤት ሸምድደን፣ ቀመሩን ለፈተና ጽፈን ረስተነዋል። በቀመሩ ውስጥ ውሃ አለ፣ አየር አለ፣ ብርሃን አለ፤ የሙቀት መጠን ግን የለም። ላነበበው ሰው ቅጠል በ12 ዲግሪም፣ በ24ም፣ በ42ም ያንኑ ሥራ የሚሠራ ይመስለዋል። ገበሬ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም። የሜዳውን ቡና ከጥላው ቡና በመልኩ ይለየዋል፤ የሚጎድለው ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ነው።

ዋንዛው ቆሞ የነበረበት ቦታ አሁን ወለል ብሏል። መምህሯ ከአንዱ እግር ቡና ላይ ጎንበስ ብላ አንዱን ቅርንጫፍ ቀስ አድርጋ አነሳች። ላይኛው ቅጠል ተለብልቧል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ቢጫ ሆኗል፤ ነገር ግን በቢጫው መሀል የላይኛው ቅጠል ቅርጽ፣ ከነሹል ጫፉ፣ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል።

«ፎቶ አነሳችው እኮ!» አሉ አክስቷ።

«ፀሐይዋ ናት ያነሳችው። አንድ ቅጠል ቀጭን ጥላውን የጣለበት ቦታ ብቻ ዳነ። አየሩ ለሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ የጎዳው የአየሩ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱና ብርሃኑ አብረው መምጣታቸው ነው።»

«ድስቱ ግን ለምን ባዶ ሆነ? ውሃ እንደሆነ መሬቱ ውስጥ ገና አለ፤ ቆፍሬ አይቻለሁ።»

መምህሯ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ነው።

«በስመ አብ! ለቡናም ጥፍር ቀለም?»

«ጀርባውን ነው የምቀባው» አለችና ከአንድ ደህና ቅጠል ጀርባ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀባች። እስኪደርቅ ጠብቃ ፕላስተር ለጠፈችበት፤ ስታነሳው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ አብሮ ተነሳ። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ አድርጋ ነበር፤ አንዱን ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሌላውን ከቀኑ 7 ሰዓት። ሁለቱን ልጣጭ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አይታ በስልኳ ያነሳችውን አሁን ለአክስቷ አሳየቻቸው። የጠዋቱ ላይ ገርበብ ያሉ ጥቃቅን ከንፈሮች ሞልተዋል። የሰባት ሰዓቱ ላይ ከንፈሮቹ ግጥም ብለዋል።

«የቡና ቅጠል አፉ በሙሉ ከጀርባው ነው፤ ፊቱ ላይ የለውም» አለች። «አፉ ሲከፈት አየር ይገባል፣ ውሃ ደግሞ ይወጣል። ሞቃትና ደረቅ አየር ያን ውሃ ይመጠዋል። ቡና በዚህ በኩል ፈሪ ነው፤ ሥሩ ላይ ውሃ እያለም አየሩ ከደረቀበት አፉን ይዘጋል። ውሃውን አዳነ፤ ግን ድስቱ የሚገባለት አጣ። ማገዶው እንደሆነ አይቋረጥም። ሌላም ጣጣ አለ፤ ቅጠል ገላውን የሚያቀዘቅዘው በሚወጣው ውሃ ነበር። አፉ ሲዘጋ ላቡ ቀረ ማለት ነው። አየሩ 30 ዲግሪ ሆኖ ነፋስ ጸጥ ካለ፣ ፀሐይ የመታው ቅጠል ገላ 40 ሊያልፍ ይችላል።»

«ራዲዮ 30 ነው ሲል ቅጠሌ 40 ላይ ነዋ!»

«አዎ። ራዲዮ የሚነግረን የጥላ ሙቀት ነው።»

አክስቷ ከወደቀው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ግንዱ እስካሁን አልተነሳም፤ ጣውላ ሊያደርጉት አናጢ እየጠበቁ ነው። መምህሯ ከጎናቸው ተቀምጣ ቀጠለች። የሚቀጥለው ነገር ለተማሪዎቿም የሚከብዳቸው ነው፤ ለአክስቷ ግን ለቀማ የሚያውቁ ሰው ናቸውና ቀለላት።

«በቅጠሉ ውስጥ ሩቢስኮ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሥራው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር መልቀም ነው። ግን ዓይኑ ደካማ ነው፤ አንዳንዴ ኦክስጅን ይይዛል።»

«አረንጓዴውን ከቀዩ የሚቀላቅል ለቃሚ በይኛ።»

«ልክ እንደሱ። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ስህተቱ ይበዛል። አፉ ተዘግቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲሳሳማ ጭራሽ ይብሳል፤ ቀይ በሌለበት ዛፍ ላይ ለቃሚ ምን ይለቅማል? እርስዎ አረንጓዴ ሲገባብዎት ምን ያደርጋሉ?»

«አስቀምጬ አስለቅማለሁ። ጊዜ ይፈጃል፣ የሰው ጉልበት ይከፈልበታል።»

«ቅጠሉም ይከፍላል፤ ጉልበት ያወጣል፣ ቀድሞ ከያዘው ካርቦንም የተወሰነውን መልሶ ወደ አየር ይለቃል። ደግሞ ሩቢስኮን የሚቀሰቅስ ሌላ ኢንዛይም አለ፤ አለቃው ይበሉት። ሙቀት ሲበረታ ከሁሉ ቀድሞ የሚዝለው አለቃው ነው። ሥራ ፈታ ማለት ነው እንግዲህ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ቅጠሉን ቢያዩት ደህና ይመስልዎታል። ማታ ሲበርድለት ያገግማል። ከ40 ዲግሪ ወዲያ ሲዘልቅበት ግን ብርሃኑን የሚቀበሉት ስስ ሽፋኖች ራሳቸው ይላላሉ፣ ውሃውን የሚሰነጥቀው ክፍል ይሰበራል። ዳሩ የነደደው እዚያ የደረሰ ነው፤ ያ አይመለስም። መሀሉ የገረጣው ሊተርፍ ይችላል።»

ለምን ቡና እንዲህ ሆደ ባሻ እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አረቢካ ቡና የበቀለው እዚሁ በደቡብ ምዕራቡ ደን ውስጥ፣ በነሰሳ፣ በነብርብራና በነዋንዛ ሥር ነው። ዛሬም ከእርሻ ውጭ ከሚገኝባቸው ቦታዎች መካከል ካፋና ሸካ አሉ፤ ሁለቱንም ደኖች ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2012 በዓለም አቀፍ የባዮስፌር መዝገብ አስፍሯቸዋል። ከእኩለ ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲሶውን ያህል ካገኘ አንድ የቡና ቅጠል ጠገበ። ከዚያ በላይ የሚመጣውን ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚጥልባቸው ቢጫ ቀለሞች አሉት፤ በጥላ ውስጥ ያደገ ቅጠል ግን ከእነዚህ ብዙ አልያዘም።

«እሱንስ አውቀዋለሁ» አሉ አክስቷ። «ችግኝ ከዳስ አውጥተሽ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ብትተክይው ይሞትብሻል። ዳሱን ቀስ በቀስ እያሳሳን ነው የምናለማምደው።»

«ዋንዛው ግን በአንድ ሌሊት ወደቀ። እነዚህ ቅጠሎች በጥላ ተወልደው በድንገት ፀሐይ ወጣባቸው። ከዚህ በኋላ የሚያቆጠቁጡት ወፍራምና አነስ ያሉ ይሆናሉ፤ ከአሮጌዎቹ ይሻላሉ።»

አክስቷ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ፈታ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣላቸው።

«ሙቀት እንዲህ ከጎዳ እንግዲያው ማሻ ሄጄ ልትከላ! ዘመዶቻችን እዚያ በየካቲትም ጋቢ አይጥሉም።»

ወደ ላይ 100 ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ ሌሊቱ ወደ 16 ይወርዳል። አረቢካ የሚመቸው የዓመት አማካይ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ነውና ቴፒ ከላይኛው ጫፍ ላይ ቆማለች። የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከሉ እዚያ መሆኑም ያለ ነገር አይደለም፤ ቁንዱ በርበሬና እርድ የሚፈልጉት ይህንኑ ወበቅ ነው። ሚዛን ተፈሪ ከፍ ትላለች፣ ማሻ ከሁለቱም በላይ ነው።

«ትንሽ ወጣ ማለቱስ ደግ ነው» አለች መምህሯ። «ቀዝቀዝ ሲል ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ጣዕሙ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጌሻ አካባቢ የሄደው ዘር በ2004 ፓናማ ላይ ስሙ የገነነው ከፍ ባለ ተራራ ላይ ተተክሎ ነው። ሲበዛ ግን ብርዱም ያው ነው። ቅቤ ማሻ ላይ ምን ይሆናል?»

«ይረጋል።»

«እዚህስ?»

«እየቀለጠ አስቸገረኝ።»

«ቅጠሉ ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሽፋኖች ከቅባት የተሠሩ ናቸው። በሙቀት ይላላሉ፣ በብርድ ይረጋሉ። ቡና እንደ ገብስ ውርጭ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሥራው ይጎተታል፣ 4 ዲግሪ ላይ ሊቆም ምንም አይቀረው። ለቃሚው እጁ ይደነዝዛል። እንግዲህ ማለዳውን ያስቡት፤ ሌሊቱን ሲበርድ አድሮ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ቦግ ብላ ወጣች። ማገዶው ነደደ፤ አብሳይዋ ግን እጇ አልፈታም።»

«ድስቱ እንደገና አረረ።»

«እንደገና አረረ። ብርሃን በቅጠሉ ውስጥ በየቀኑ የሚሰብረው አንድ ፕሮቲን አለ፤ ቅጠሉም በየቀኑ ይጠግነዋል። በብርድ ጊዜ መስበሩ ይቀጥላል፣ ጥገናው ይዘገያል። ኬንያ ከፍተኛ ቦታ ላይ ያሉ ቡና አብቃዮች ቅጠል የሚያገረጣና የሚያጨማድድ ችግር አላቸው፤ ስሙን ‹ሙቅና ቀዝቃዛ› ነው የሚሉት። ተባይ የለበትም፣ በሽታ የለበትም። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ እየተፈራረቁ ነው የሚያመጡት።»

ይህ ሁሉ ገና በረዶ ሳይነሳ ነው። ውሃ የሚረጋበት ብርድ ሲመጣ ነገሩ የብርሃን አስተጻምሮ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ በቅጠሉ ሕዋሳት ውስጥና ዙሪያ በረዶ ይሠራል፣ ሲቀልጥ ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ይልፈሰፈሳል፣ ከዚያም ይጠቁራል። ሐምሌ 11 ቀን 1967 ዓ.ም ብራዚል ውስጥ ፓራና በተባለው ግዛት የሆነው ይኸው ነበር። ብራዚላውያን «ጥቁር ውርጭ» ይሉታል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር የቡና ተክል ጠቆረ፤ በቀጣዩ ዓመት ግዛቱ የለቀመው ቡና ኢምንት ነበር። የዓለም ገበያ ዋጋ እየናረ ሄዶ 1969 ዓ.ም ላይ ጣሪያ ነካ።

አክስቷ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። ቡና መወደዱን ያስታውሳሉ፤ ውርጩን ግን ዛሬ መስማታቸው ነው።

«እግዜር ይይላቸው አልል ነገር፣ እኛ ነበርን የሸጥነው» አሉና ሳቁ። ቀጥለውም «ይሁን፤ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በቆሎዬስ? እዚያው ሜዳ ላይ ተተክሎ ሙቀቱ ደስታው ነው። አንቺ የምትይው ለቃሚ እሱ ዘንድ የለም?»

«አለ። በቆሎና ጤፍ ግን ብልሃት አላቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጀመሪያ በሌላ ኢንዛይም ይይዙታል፣ ከዚያ ለብቻው በተዘጋ ጓዳ ውስጥ አከማችተው ለሩቢስኮ ያቀርቡለታል። ቀይ ብቻ የሞላበት ቅርጫት ፊቱ ተቀምጦ ይሳሳት ቢሉት አይሳሳትም። አፋቸውንም ጠበብ አድርገው መሥራት ይችላሉ። ብርድ ላይ ግን ይህ ብልሃት አይጠቅማቸውም፤ ጤፍ ውርጭ ሲያይ ያልቃል። መንዝ ላይ የሚታረሰው ገብስ ጓዳ የለውም፣ እንደ ቡና ነው፤ ነገር ግን ብርዱ ቀስ ብሎ ሲመጣ ስኳር አጠራቅሞ፣ የሽፋኑን ቅባት ለስለስ ባለ ዓይነት ቀይሮ ይጠብቀዋል። ቡናም ትንሽ ትንሽ ይሞክራል፣ ቀስ ካሉለት። የገብስን ያህል አይሆንለትም።»

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ የመምህሯ ነበር። አሁን አክስቷ ከግንዱ ተነሱና ዋናውን ጥያቄ አመጡት። ሲያብሰለስሉት የቆዩት እሱን ነው።

«ብራዚሎች ያለ ጥላ ነው የሚያለሙት ሲሉ ሰምቻለሁ። ከእኛ የበለጠም ያገኛሉ። ጥላ ይህን ያህል ግድ ከሆነ እነሱ እንዴት አደረጉት?»

መምህሯ ወዲያው አልመለሰችም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ጥላን የሚያወድሱ ብዙ ጽሑፎችም በዝምታ ያልፉታል። እውነቱ ብራዚል ውስጥ አብዛኛው ቡና በሜዳ ላይ ይለማል፣ ምርቱም ከፍተኛ ነው። ተጠጋግቶ የተተከለ ቡና ቅጠሉ እርስ በርሱ ይጋረዳል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው የላይኛውን ንብርብር ነው። ማዳበሪያ አለ፣ አንዳንድ ቦታም መስኖ አለ። ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ሥር ያለ ቡና ደግሞ አበባው ስለሚቀንስ ፍሬው እንደሚያንስ አክስቷ ቀድመው ተናግረውታል፤ ልክ ናቸው።

«አደረጉት፤ በገንዘብ ነው ያደረጉት» አለች በመጨረሻ። «ማዳበሪያ ያለማቋረጥ ይገባለታል። እኛ ጋ ያለ ጥላ የቆመ ቡና የመጀመሪያውን ዓመት ምን ይሆናል?»

«ጎብጦ ያፈራል። ቅርንጫፉ እስኪሰበር።»

«በዓመቱስ?»

«ይመለጣል። ጫፉ ይደርቃል። አንዳንዱ እዚያው ይቀራል።»

«ቅጠሉ ያን ሁሉ ፍሬ መመገብ አቅቶት ነው። ፍሬው ከቅርንጫፉና ከሥሩ ይወስዳል። ጥላው ሳሳ ያለ ሲሆን ግን ዛፉ አቅሙን ያህል ያብባል። እኔ ጫካ ይሁን አልልም፣ እትዬ። ሰሳ ቢሆን ቅጠሉ ረቂቅ ነው፣ ብርሃኑን ወንፊት ላይ እንዳለፈ ዱቄት አድርጎ ነው የሚያወርደው። ቀን ሙቀቱን ከቡናው ላይ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል፤ ማታ ደግሞ ከመሬት ወደ ሰማይ የሚያመልጠውን ሙቀት ይይዛል።»

«ቀን ጃንጥላ፣ ማታ ጋቢ።»

«ማሻም ቢሄዱ የሚተክሉት እሱኑ ነው።»

ጥቂት ዲግሪ ሲባል ትንሽ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገሪቱ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ያው ጥናት ቡናው ወደ ከፍታ ከወጣና ደን ከተጠበቀለት የሚመቸው መሬት ጭራሽ በአራት እጥፍ ገደማ ሊሰፋ እንደሚችልም ያሳያል። መምህሯ ሁለቱንም ቁጥር ነገረቻቸው። አክስቷ ሁለተኛውን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ወደ ከፍታ የሚወጣው ቡና እንጂ የእሳቸው ጓሮ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

«ሰሳ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?»

«ጥላ እስኪሆን አራት፣ አምስት ዓመት ይበሉት።»

«እስከዚያ ይሄ ይንደድ?»

«ሙዝ አለልዎት አይደል?»

አክስቷ ዞር ብለው በጓሮው ጥግ ያለውን የሙዝ ጉብታ አዩ። ከመካከሉ አምስት ስድስት ቡቃያ ወጥቷል። አካፋ አምጥተው ክፍት በሆነው ቦታ ላይ ቡቃያው የት የት እንደሚያርፍ በእግራቸው እየለኩ ምልክት አደረጉ፤ በምዕራብ በኩል ያለውን አበዙት፣ ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ ናት የምታከፋው። ሰሳው መሀል፣ የዋንዛው ጉድጓድ አጠገብ ይገባል። የሚተከለው ዝናቡ ሲጥል ነው፤ እስከዚያ ጉድጓዱ ይቆፈራል።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃ መምህሯ ወደ ሚዛን የምትመልሳትን መኪና ልትጠብቅ ወደ መንገዱ ስትወጣ አክስቷ ከኋላዋ ተጣሩ።

«አንቺ! ያንን ጥፍር ቀለም ትተሽልኝ ሂጂ። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓትና ቀን በሰባት ሰዓት ቀብቼ ልጣጩን አስቀምጥልሻለሁ። ከሙዙ ሥር ካለውም፣ ከሜዳውም። ቅዳሜ ስትመጪ ታሳዪኛለሽ።»